«ተይው» ያልነው ሁሉ ሳይቆጠር ቀረ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሎስ አንጀለስ ከገባሁ 19 ዓመት አልፎኛል። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ በሰፈራችን በሚኖሩ አንዲት እናት ላይ የደረሰው ነገር ነው። እሑድ በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ አንድ የማያውቁት ሰው ከኋላቸው መጥቶ ሰደባቸው። ነጠላቸውን ጎትቶ መሬት ጣለና ምራቁን ተፋባቸው። እንግሊዝኛ ብዙ አይሰሙም፤ «ወደ አገርሽ ሂጂ» የሚለው ግን ገብቷቸዋል። ቤታቸው ተመልሰው ነጠላውን አጥበው አሰጡት። እኔ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሴ ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው ነው። ለምን ለሰው አልነገሩም ብላቸው፣ «ተይው ልጄ፣ እግዜር ያየዋል። ደግሞስ ለማን ይነገራል?» አሉኝ።

ለማን እንደሚነገር ያን ቀን እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። ጠይቄ የደረስኩበትን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል እፈልጋለሁ።

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሰብዓዊ ግንኙነት ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። አባላቱን የሚሾሙት ካውንቲውን የሚያስተዳድሩት አምስቱ ተመራጮች ናቸው። ሥራው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋና በትውልድ አገር ምክንያት በሰዎች መካከል የሚነሳ ጠብ ወደ ዱላ ሳይደርስ እንዲበርድ ማድረግ ነው። የተጀመረው በ1944 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። መነሻው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የታየ ግፍ ነበር። በጁን 1943 የባሕር ኃይል አባላትና ሌሎች ወታደሮች በቡድን በቡድን ሆነው በከተማው እየዞሩ፣ በዘመኑ ፋሽን የነበረውን ሰፋፊ ሱፍ የለበሱ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶችን ከትራምና ከሲኒማ ቤት እያወጡ ደበደቡ፤ ልብሳቸውንም በአደባባይ ገፈፏቸው። ፖሊስ ደግሞ በብዛት ያሰረው ተደብዳቢዎቹን ነበር። ካውንቲው ኮሚቴ ያቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። ኮሚቴው በ1958 በሕግ የጸና ኮሚሽን ሆነ።

ይህን በእድር ስብሰባ ላይ ሳነሳ አንድ የማከብራቸው አባት፣ «ኮሚሽኑ እያለ አይደለም እንዴ ከተማው የነደደው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። በኦገስት 1965 ዋትስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሲቃጠልና 34 ሰው ሲሞት ኮሚሽኑ ነበር። በ1992 ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው የደበደቡት ፖሊሶች ነጻ ተባሉ ተብሎ ከተማው ሲነድ፣ ከ60 ሰው በላይ ሲያልቅ፣ የኮሪያውያን ሱቆች ተራ በተራ ሲጋዩም ነበር። አላቆመውም። ወታደር የለው፣ ፍርድ ቤት አይደለ፤ ማሰርም መቅጣትም አይችልም። ያለው አቅም ማድመጥ፣ የተኳረፉትን ፊት ለፊት ማገናኘት፣ ትምህርት ቤቶችን ማገዝ፣ የደረሰውንም መዝግቦ ለባለሥልጣናቱና ለሕዝቡ ማሳየት ነው። እኔ ይህን ሥራ ሳየው የአገራችንን ሽምግልና ያስታውሰኛል። ሽማግሌም ዱላ የለውም። ግን ጠቡን ያልሰማ ሽማግሌ ከየት መጥቶ ያስታርቃል? የዚህ ኮሚሽን ጉልበቱ ሰው መጥቶ በሚነግረው ልክ ነው።

ኮሚሽኑ ከ1980 ጀምሮ በካውንቲው የተፈጸሙ የጥላቻ ወንጀሎችን በየዓመቱ ቆጥሮ ሪፖርት ያወጣል። በ2023 የተመዘገበው 1,350 ነበር፤ ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከፍተኛው ነበር። ጥቁሮች ከካውንቲው ሕዝብ ከመቶ 9 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በዘር ምክንያት ከተጠቁት ግን ግማሽ ያህሉ እነሱ ናቸው። እነሱ ስል እኛንም ጭምር ነው። መንገድ ላይ የሚሳደብ ሰው ከጎንደር መጣሽ ከጅማ ብሎ አይጠይቅም። የጎረቤቴ ነጠላ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም። በፓርኪንግ ሥራ ላይ እያሉ የተሰደቡ፣ በታክሲያቸው ውስጥ የተመቱ፣ ሆም ኬር በሚሠሩበት ቤት የተዋረዱ ወንድሞችና እህቶችን እያንዳንዳችን እናውቃለን። ስንቶቹ ነገሩ? ባልተነገረ ነገር አስተርጓሚም በጀትም አይመደብም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ለልጆቻችን እየነገርን የራሳችንን ግን እንደብቃለን።

መናገሪያው ቀላል ነው። 211 ይደወላል። ይህ የፖሊስ ስልክ አይደለም። ኮሚሽኑ በ2019 በጀመረው ጥላቻን የመቃወም ፕሮግራም በኩል አቤቱታ የሚቀበል መስመር ነው፤ ስምን ሳይናገሩም ማመልከት ይቻላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ወንጀል መሆን አለመሆኑን ማወቅ ከእኛ አይጠበቅም። ስድብ ብቻውን በሕግ ላያስከስስ ይችላል፤ ግን ይመዘገባል፤ የተጎዳውም ሰው የሚያነጋግረውና የሚደግፈው ያገኛል። አደጋው እየደረሰ ከሆነ ግን መደወል ያለብን 911 ነው።

ስድብን ንቀን የምናልፍ ሰዎች ሙሉጌታ ሥራውን ብናስታውስ እወዳለሁ። ሙሉጌታ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣ ወጣት ነበር። በኖቬምበር 1988 በፖርትላንድ ኦሪገን ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ደጃፍ ሲያደርሱት፣ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ዘረኛ ወጣቶች ደርሰው በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። በ1990 የተሰየመው የፍርድ ቤት ጁሪ፣ እጁ በዱላው ላይ ያልነበረው የነጭ ዘረኞች ድርጅት መሪ ቶም መዝገርም ወጣቶቹን በማነሳሳቱ ኃላፊ ነው ብሎ እሱን፣ ድርጅቱንና ሌሎቹን ተከሳሾች 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ክፈሉ ብሏል። መዝገር ይኖር የነበረው ከእኛ በስተደቡብ፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ ፎልብሩክ ውስጥ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ያሰራጨው ቃል ፖርትላንድ ድረስ ሄዶ የኛን ልጅ ገደለ። ቃል ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ የለም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ። ከ2020ው ጦርነት ወዲህ በሊትል ኢትዮጵያ፣ በፌርፋክስ መንገድ ላይ አብረን እንበላ የነበርን ሰዎች ዛሬ እየተመራረጥን ነው የምንቀመጠው። ያ ሰፈር በ2002 በከተማው ምክር ቤት ስሙን ሲያገኝ የሁላችን ደስታ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ እዚህ ተወልዳ ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ የአባቷን ስም ተጠይቃ ስትናገር፣ ከጠያቂው አፍ የወጣውን ስድብ እዚህ መጻፍ አልችልም። ልጅቷ ምግቧን ትታ ወጣች። በጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት ሰው ነበርን። አንዳችንም አልተናገርንም። እኔም አልተናገርኩም፤ ዝም ብዬ እንጀራዬን ስቆርስ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። በጎረቤቴ ላይ ምራቁን የተፋው ሰው ለእኛ ባዕድ ነው። ልጅቷን የሰደባት ግን በለቅሶና በሠርግ የምናገኘው ሰው ነው። «ተይው» የሚለው ቃል ሁለቱንም እኩል ሸፈነላቸው።

በአቶ እገሌና በአቶ እገሌ መካከል የተፈጠረውን ቅያሜ ውጭ አናውጣው የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ገመናችን ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው በጎራ ተከፍለዋል። የአንዱ ወገን ሽማግሌ ሲናገር ሌላው ወገን አይሰማም። በዚህ ከተማ ጥቁሮችና ኮሪያውያን፣ ሜክሲኮውያንና ሌሎችም ከእኛ የከፋ ነገር መሐላቸው ገብቶ ከሦስተኛ ወገን ጋር ቁጭ ብለው ተነጋግረዋል። ከየትኛችንም ወገን ያልሆነ፣ ሥራው ማወያየት የሆነ የኮሚሽኑ ሰው እዚሁ በግብራችን ደመወዝ እየተከፈለው ተቀምጧል። የወጣቶቻችንን ውይይት እንዲመራልን ብንጠይቀው ምን እናጣለን? ትልልቆቻችን እንቢ ብንል እንኳ ልጆቹ ይምጡ። እነሱ ገና አልተቆራረጡም።

የእድርና የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴዎች፣ የመስጊድ አስተዳደሮችም፣ የኮሚሽኑን ሰዎች በአንድ ስብሰባቸው ላይ እንዲጋብዙ እለምናለሁ። ማብራሪያ ወረቀቱም በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ እንዲዘጋጅ አብረን እንጠይቅ። ለየብቻ ከምንጠይቅ አብረን ብንጠይቅ ይሰሙናል፤ አብሮ ማመልከቱ ራሱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ጎረቤቴን በመጨረሻ አሳመንኳቸው። ስልኩን በድምጽ ማጉያ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው፤ እኔ እያስተረጎምኩ እሳቸው ተናገሩ። ምን እንደተባሉ ሲጠየቁ መጀመሪያ የነገሩት ስለ ስድቡ አልነበረም፤ ነጠላዋን የላከችላቸው ከደብረ ብርሃን እህታቸው እንደሆነች ነው። በሚቀጥለው እሑድ አብሬያቸው አውቶቡስ ጠበቅሁ።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። እሳቸውን የመሰሉ እናቶችና አባቶች ጋዜጣችሁን ሲይዙ ቀድመው የሚያነቡት የሐዘን ማስታወቂያውን ነው። 211 የሚለውን ቁጥር በየእትማችሁ እዚያው ገጽ ላይ፣ በትልቁ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሎስ አንጀለስ