ደብዳቤ ለልጄ፦ ሃይላንድ የውሃ ነው

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። ትንሹ ልጅሽ ከልብስ ማጠቢያው ሥር ሃይላንድ አውጥቶ ክዳኑን በጥርሱ ሲታገለው እንደደረሰችበት፣ ውስጡም በረኪና እንደነበር ነገረችኝ። ክዳኑ ስለጠበቀ ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳትነግሪኝ የቀረሽው እንዳልደነግጥ ብለሽ ነው፤ አልቆጣሽም። በስልክ ብነግርሽ ግን «እሺ እማዬ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። አንብበሽ ስትጨርሺ ለባለቤትሽ ስጪው። ለሠራተኛሽም ቁጭ ብለሽ አንብቢላት፤ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

አሁን ተነሺ። ያንን በረኪና ሽንት ቤት ውስጥ በብዙ ውሃ እያስከተልሽ ቀስ አድርገሽ ድፊው። ሽንት ቤቱ በአሲድ ታጥቦ ከነበረ መጀመሪያ በደንብ ውሃ ልቀቂበት። ጠርሙሱን በቢላ ሰንጥቀሽ ጣዪው፤ ደህናውን ከጣልሽው አንዱ አንስቶ ውሃ ይሞላበታል። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ሃይላንድ ሁሉ ልቀሚ፤ አልጋ ሥር ያለውንም፣ ባለቤትሽ ለሞተሩ ቤንዚን የሚቀዳበትንም። ምን እንደሆነ የማታውቂውን አትቅመሺ፣ አፍንጫሽንም አታስጠጊ።

የሚጠጣ በሚያዝበት ዕቃ የማይጠጣ ነገር አይቀመጥም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እጽፍልሻለሁ፤ አትሰልቺ።

የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ልጅሽ ቀኑን ሙሉ ይጠማዋል፤ ውሃም የምትሰጪው በዚያው ጠርሙስ ነው። ማንበብ አይችልም፣ ሽታም ገና አይለይም፤ ቅርጹን ነው የሚያውቀው። ሌላም ነገር አለ። ለቤት ተብሎ የሚሸጠው በረኪና 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ልጅ አንድ ጉንጭ ቢውጠው አፍና ጉሮሮውን ይለበልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይተርፋል። ለውሃ ማከሚያና ለፋብሪካ የሚመጣው ግን 10 እና 12 በመቶ ነው፤ እሱ የጉሮሮ ሥጋ ይበላል። ገበያ ላይ እየተቀዳ የሚሸጠው የትኛው ነው? ሃይላንድ ውስጥ ከገባ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ኮስቲክ ሶዳ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የቆሰለው ምግብ መውረጃ ጠባሳ ይዞ እየጠበበ ይሄድና ልጁ ከሳምንታት በኋላ እንጀራ መዋጥ ያቅተዋል። ሐኪሙ «ምን ጠጣ?» ብሎ ሲጠይቅሽ መልሱ ያለው ዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ነው። ወደ ሌላ ዕቃ የገለበጥሽ ቀን ያ መልስ ይጠፋል።

ስለዚህ በረኪና ስትገዢ በፋብሪካ የታሸገውንና ትንሹን ጠርሙስ ግዢ። የድሬ ሙቀት ኃይሉን ቶሎ ስለሚያደክመው ማከማቸቱ ትርፍ የለውም። ወለል ለማጽዳት 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይበቃል። የተበጠበጠው በባልዲ አይደር፤ ዳዴ የሚል ልጅ በጭንቅላቱ ይደፋበታል። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ከሎሚም ጋር ቢሆን፣ ከተገናኘ ክሎሪን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። የትንሹን ፖፖም ሽንቱ እያለ በረኪና አታፍሺበት፤ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛም ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ በረኪና፣ በሩ ተከፍቶ።

ስለ ላምባ ልጽፍልሽ ብዕሬን ሳነሳ የጀጎሉ ቤታችን መጣብኝ። በግድግዳ የምንዋሰናቸውን ሰዎች ታስታውሻለሽ። ካንቺ ትንሽ የሚያንስ ልጅ ነበራቸው፤ በጠባቡ መንገድ አብራችሁ ጎማ ስታሽከረክሩ ትውሉ ነበር። መብራት ሲጠፋ ለፋኖስ የሚሆን ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ በመስኮቱ ሥር ያስቀምጡ ነበር። ከሩጫ ገብቶ ተጎነጨው። የተጎነጨው ትንሽ ነው፣ አንድ ጊዜ አስሎ ተፋው፣ ቆሞም ይሄድ ነበር። የተሰበሰበው ሰው በደግነት ወተት አጠጣው፣ ከዚያ ጣት ከትቶ አስመለሰው። በመሸ ጊዜ ትንፋሹ መቆራረጥ ጀመረ፤ ሌሊቱን ከናፍሩ ጠቆረ። በማግሥቱ የሐዘን ልብስ ለብሰው ሲያለቅሱ አንቺ «ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቀሽ ማንም አልመለሰልሽም። አሁን ልመልስልሽ። ላምባ ሆድ ውስጥ ሳለ ብዙም አይጎዳም። የሚገድለው ሳንባ ሲገባ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ በአየር ቧንቧ ሾልኮ ይገባና ሳንባው ላይ እንደ ዘይት ይነጠፋል። ሲጠጣ ሳንባው ከገባው ይልቅ ሲያስመልሱት የገባው ይበልጣል። ወተቱ ሆዱን ሞልቶ ለማስመለስ አመቻቸው እንጂ መርዙን አልሻረውም። የእናትየውን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ላምባ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የቀለም ማቅጠኛ የጠጣ ልጅ አያስመልስም። ሲያስል፣ ሲተነፍስ ሲያቃስት ወይም ጎኑ ሲሰረጎድ ካየሽ ሳንባው ገብቷል ማለት ነው። ምንም ባታዪበትም ሆስፒታል ወስደሽ ቢያንስ 6 ሰዓት በሐኪም ዓይን ሥር ይቆይ። ላምባውን ደግሞ በራሱ ጀሪካን፣ በቀለም «ላምባ» ብለሽ ጽፈሽበት፣ ከቤት ውጭ ቆልፊበት። በለስላሳ ጠርሙስ አይሁን፣ በሃይላንድ አይሁን፣ በኩባያ «ለአንድ ደቂቃ» እንኳ አይሁን። ብዙ ልጅ የሚጠጣው በዚያች ደቂቃ ነው፣ ዕቃው ከቦታው ወርዶ ሥራ ላይ ሳለ።

የኔ እናት፣ ደከመሽ? ቡናሽን አፍልተሽ ቀጥዪ፤ ከሰሉ ግን ልጁ በተኛበት ክፍል አይግባ።

ቁም ሣጥንሽ ውስጥ፣ ከሻሾቹ ኋላ፣ ለእርግዝናሽ ከጤና ጣቢያ የሰጡሽ የአይረን ክኒን ተርፎ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስታርሺ ዕቃሽን ያደራጀሁት እኔ ነኝ። እሱ ከበረኪናው የባሰ ያስፈራኛል። አንዱ ክኒን ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊግራም አይረን አለው። ትንሹ አሁን 10 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም ካለፈ ሕመም ይጀምራል፤ 60 ሲደርስ ሕይወቱን ያሰጋል። አስይው፤ 4 ክኒን ሆስፒታል ያስኬዳል፣ 10 ክኒን ሊገድለው ይችላል። ክኒኑ ከረሜላ ይመስላል። ክፋቱ ደግሞ ያታልላል። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ለሰዓታት የዳነ መስሎ ይጫወታል፤ ቀጥሎ ነው ጉበቱና ልቡ የሚወድቀው። «ተሻለው» ብለሽ እቤት እንዳታስቀሪው። የተረፈውን ወደ ጤና ጣቢያው መልሺ። ልጅ መድኃኒት እንዲውጥ ስታባብሉትም «ከረሜላ ነው» አትበሉት።

እህሉስ? አከራይሽ ከናንተ ክፍል ጋር በሚዋሰነው መጋዘን ማሽላ እንደሚያስቀምጡ ነግረሽኛል። ለነቀዝ ክኒን ይጨምሩ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ በትህትና ግን ሳትፈሪ። ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አንዱ 3 ግራም ሲመዝን የአየር እርጥበት ሲነካው 1 ግራም ፎስፊን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ በኩል አልፎ በጎረቤት ክፍል የተኛን ሰው ይገድላል፣ ቀድሞ የሚሞተውም ሕፃን ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ቢሸትሽ ልጁን አንስተሽ ውጪ፤ ባይሸትሽም አትተማመኚ። አከራይሽ ክኒን ካልተዉ፣ ማሽላው እስኪያልቅ ልጁን ይዘሽ እኛ ጋ ነይ። ከገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ጥቁር የአይጥ ዱቄትም አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጋዝ ነው የሚያወጣው። ወጥመድ ግዢ።

ወባውን ፈርተሽ ፍሊት እንደምታበዢ አውቃለሁ። አልፈርድብሽም፤ በ2014 ዓ.ም. በበጋ ወባ ድሬን ሲያምሳት ሁላችንም አይተናል። ያ አዲሱ ትንኝ፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ፣ የሚፈለፈለው እዚያው ግቢ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ በርሜሉን አጥብቀሽ ክደኚ፣ በየሳምንቱ ግድግዳውን ፍቀሽ እጠቢው፣ ልጁን አጎበር ውስጥ አስተኚ። ይህ ከፍሊት የበለጠ ይጠቅማል። መንፋት ካለብሽ ልጁ፣ ጡጦውና መጫወቻው ውጭ ይሁኑ፤ ጠረኑ እስኪወጣ መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ። ለጫትና ለአትክልት የሚረጨውን መድኃኒት ግን፣ ማላታይን ይሁን ሌላ፣ ለትኋን ብለሽ ፍራሽ ላይ፣ ለቅማል ብለሽ ራስ ላይ እንዳታስነኪ። በቆዳ ይገባል። ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ልብሱን አውልቀሽ ገላውንና ፀጉሩን በሳሙና አጥበሽ ሩጪ፤ ሆስፒታል አትሮፒን አለ። ገራባውንም፣ የጫቱን ትራፊ፣ ባለቤትሽ ራሱ ይጥረገው፤ ልጁ ከመሬት የሚለቅመው ቅጠል ምን ተረጭቶበት እንደመጣ አይታወቅም።

ኩል። አማትሽ ሲኳሉት ዝም ብለሽ እንዳየሽ ሰማሁ። በአክብሮት ተናገሪ። ከድንጋዩ የሚፈጨው ጥቁር ኩል ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ነው። ልጁ ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን ይልሳል፤ እርሳሱ ደሙ ውስጥ ገብቶ አእምሮውን ይጎዳል። አይጎዳም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ሂናውም ቢሆን፣ ለሠርግ ስትሄዱ ጥቁሩን እንዳያስነኩት። እውነተኛ ሂና ጥቁር አይሆንም፤ ቀይና ቡናማ ነው። የሚያጠቁረው የፀጉር ቀለም ነው። ቆዳውን ያቆስላል፤ ተበጥብጦ የተቀመጠውን ከጠጣው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ አንገቱና ጉሮሮው አብጦ ትንፋሹን ይዘጋዋል።

ክፉ ቀን ከመጣ እንዲህ አድርጊ። አፉ ውስጥ የቀረውን በጣትሽ አውጪ። አታስመልሺው። ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሎሚ አትስጪው። ዓይኑ ከገባ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ በንጹሕ ውሃ እጠቢው፤ ቧንቧው ሊሄድ ስለሚችል አንድ ጀሪካን ውሃ ለዚህ ብቻ ይቀመጥ። ሰዓቱን እዪ። ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዘሽ ሂጂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልተገኘ አትጠብቂ፣ ባጃጅ ይዘሽ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ብረሪ። የሪሞትና የመጫወቻ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ከዋጠ ብቻ ሌላ ነገር አለው፦ ባትሪው በ2 ሰዓት ውስጥ ምግብ መውረጃውን ሊበሳ ይችላል፤ ልጅሽ ዓመት ስላለፈው በመንገድ ላይ እያላችሁ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጪው፣ ከ6 ጊዜ አይለፍ። ማር ፍለጋ ግን አንድ ደቂቃ እንዳትዘገዪ።

በነገው ሚኒባስ የብረት ሣጥን ልኬልሻለሁ፤ ሾፌሩ ይደውልልሻል። ግድግዳው ላይ ከራስሽ ከፍ አድርጎ ባለቤትሽ ይምታው፤ ወንበር ሊጎተት የሚችልበት ቦታ አይሁን። በረኪናው፣ አሲዱ፣ ፍሊቱ እዚያ ይግቡ፣ ሁሉም በየራሱ ዕቃ። መድኃኒቱ ከነሱ ጋር አይደባለቅ፤ ለብቻው ቆልፊበት። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱን አንገትሽ ላይ አድርጊ፣ ሌላውን ለአክስትሽ ስጫት። ሃይላንድ ግን የውሃ ነው፤ ሰማሽ?

ትንሹን ሳሚልኝ።

እናትሽ፣ ከሐረር