4.10 ከመግዛታችሁ በፊት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአሜሪካ አሮጌ መስል ካር (ትልቅ ሞተር ያለው ጉልበተኛ መኪና) ገዝተው የሚያድሱ አንባቢዎቻችሁ አንድ ምክር ደጋግመው ይሰማሉ፤ «ዲፈረንሻሉን 4.10 አድርገው፣ መኪናው ይበራል» የሚል። ቁጥሩ የኋላ ጎማዎቹ አንድ ጊዜ እንዲዞሩ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግራል፤ ሲበልጥ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ጉልበት ማግኘቱ እውነት ነው። በየቀኑ ሀይዌይ ለሚወጣ መኪና ግን ስሌቱ መጀመር ያለበት ከመንገዱ ፍጥነት ነው።

ፍጥነቱን በማይል፣ በዲፈረንሻሉ ቁጥርና በ336 አባዙት፤ ውጤቱን ለጎማው ቁመት በኢንች አካፍሉት። የሞተሩ ዙር በደቂቃ ይወጣላችኋል። ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ቱርቦ 350 ካምቢዮ ያለውን የ1969 ሼቭሮሌት ሼቬል እንውሰድ። 235/60-15 ጎማ ቁመቱ 26 ኢንች ገደማ ነው። በ65 ማይል 3.08 ሞተሩን 2,590 ዙር ያዞረዋል፤ 3.55 ወደ 2,980፣ 3.73 ወደ 3,130፣ 4.10 ደግሞ ወደ 3,440። ሞተሩን ከካምቢዮው በዘይት የሚያገናኘው ኮንቨርተር ስለሚንሸራተት በተግባር ትንሽ ይጨምራል። በዚያ ዙር ሁለት ሰዓት መንዳት ጆሮም ቤንዚንም ይጨርሳል።

ጓደኛችሁ በ4.10 ተደስቶ ከሆነ ጎማውንና ካምቢዮውን ጠይቁት። በ28 ኢንች ጎማ 4.10 የሚሠራው በ26 ኢንች ጎማ ላይ እንዳለ 3.81 ነው። በእጅ የሚቀየረው ባለ አራት ማርሽ ሙንሲ ኤም 21 ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ 2.20 ስለሆነ ከ4.10 ጋር ሲባዛ 9.02 ይሆናል፤ የወንድሙ የኤም 20 አንደኛ ማርሽ 2.52 ነውና ከ3.55 ጋር 8.95 ይሰጣል። ሲነሱ ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ሀይዌይ ላይ ግን ሁለተኛው ሞተሩን ያሳርፋል። ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ 700 አር 4 ካምቢዮ ካላችሁ 3.73 ያለ ጭንቀት አስገቡ፤ አራተኛው ማርሽ 0.70 ስለሆነ በ65 ማይል ዙሩ 2,190 ገደማ ብቻ ነው። ባለ ሦስት ማርሽ ላይ የእኔ ምርጫ 3.31 ወይም 3.55 ነው። ካምሻፍቱ ጉልበት የሚሰጠው ከ3,000 ዙር በላይ ከሆነ ግን 3.08 ያንቀዋል።

ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ያለውን እወቁ። ፖዚ (ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው እንዲገፉ የሚያደርግ መያዣ) የሌለው ዲፈረንሻል ከሆነ ካምቢዮውን ኒውትራል አድርጉ፤ መሬት ላይ ያሉትን ጎማዎች በታኮ ያዙና አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ። የተነሳውን ሁለት ዙር አዙሩ፤ ወደ ካምቢዮ የሚሄደው ዘንግ ከሦስት ዙር ጥቂት ብቻ አልፎ ከቆመ 3.08 ነው፣ አራት ሊሞላ ሩብ ቢቀረው 3.73። ክዳኑ ከተከፈተ ደግሞ የኮሮናውን (የዲፈረንሻሉን ትልቅ ጥርስ) ጠርዝ በጨርቅ ጠርጉት፤ የኮሮናው ጥርስ ብዛት 41፣ እሱን የሚያዞረው የትንሹ ጥርስ (የፒኞኑ) 11 ተመትቶበት ካገኛችሁ 41 ለ11 ሲካፈል 3.73 ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። በጀኔራል ሞተርስ ባለ 12 ብሎን ዲፈረንሻል ከ3.08 እስከ 3.73 ያሉት ኮሮናዎች አንድ ዓይነት ካሪየር (ኮሮናው የሚታሰርበት ቤት) ላይ ይታሰራሉ። 4.10 ግን ፒኞኑ ስለሚያንስ ሌላ ካሪየር፣ ወይም ወፍራም ተደርጎ የተሠራ ኮሮና ይፈልጋል። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ጥርስ ከጥርስ የማይደርስ ዕቃ ይዞ ይቀራል። የኮሮናው ብሎኖች ጥርሳቸው የግራ ስለሆነ እንደ ተራ ብሎን ለመፍታት የሚታገል ይሰብራቸዋል። የፎርድ ባለ 9 ኢንች ዲፈረንሻል ግን ይህ የካሪየር ችግር የለበትም።

ሲገጠም ኩሽኔታዎቹና በፒኞኑ ዘንግ ላይ ያለው የሚጨመቅ ቱቦ አዲስ ይሁኑ። በኮሮናና በፒኞን መካከል ያለው ክፍተት ከ0.006 እስከ 0.010 ኢንች ይሁን። ጥርሶቹን ቀለም ቀብታችሁ አዙሩ፤ ምልክቱ ጥርሱ መሃል ካላረፈ የፒኞኑ ሺም (ቦታውን የሚያስተካክለው ስስ ቀለበት) መቀየር አለበት፤ አለዚያ ነዳጅ ስትሰጡ ወይም ስትለቁ ያፏጫል። መጀመሪያ 20 ማይል ያህል በእርጋታ ንዱትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። እስከ 500 ማይል አትርገጡት፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ፤ ፖዚ ከሆነ በዘይቱ ላይ የሚጨመረው ማለስለሻ አይረሳ።

የፍጥነት መለኪያውን ጥርስም አብራችሁ ቀይሩ። ከ3.08 ወደ 3.73 ዘልላችሁ አሮጌውን ብትተዉት፣ በ65 ስትሄዱ 79 ያሳያችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ሜሪላንድ