ሞተር እዚህ አታቁም ከማለት በፊት የት እንደሚቆም አሳዩን

ለአዘጋጁ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የሞተርና የስኩተር ፓርኪንግ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚያልቀው "ሞተረኛ ስነስርዓት የለውም ይቀጣ" ላይ ነው። እኔ በየቀኑ ሞተር የምነዳ ሰው ነኝ፣ ቅጣትን አልቃወምም፣ ግን ቅጣቱ ከመምጣቱ በፊት የሚቆምበት ቦታ ተሰምሮ መታየት አለበት ባይ ነኝ፣ አለበለዚያ ደንብ ሳይሆን ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው የሚሆነው።

ሞተረኛ እግረኛ መንገድ ላይ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው የገባው አይመስለኝም። ሁሉም በንቀት አይደለም፣ አብዛኛው ፈርቶ ነው። መኪና ተቆልፎ ሲቆም ተሸክሞት የሚሄድ የለም፣ ስኩተር ግን መቶ ኪሎ አካባቢ ናት፣ መሪዋ ቢቆለፍም ሁለት ሦስት ጎረምሳ አንስቶ ፒካፕ ላይ ሲጭናት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ሰንሰለት ብታደርግባትም ሰንሰለቱ ከራሷ ጎማ ጋር ብቻ ከታሰረ ከነሰንሰለቷ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ሰው ጥበቃ ያለበት በር ስር ወይ ከመስኮት የምትታይበት ቦታ ይለጥፋታል። እሺ መኪና መሃል ትቁም ካላችሁ ደሞ፣ ወደኋላ የሚመጣ ሾፌር በስፖኪዮ አያያትም፣ ነካ ሲያደርጋት ትወድቃለች፣ የፍሬን መያዣው ይሰበራል ነዳጅ ይፈሳል፣ እሱ ሳይወርድ መንገዱን ይቀጥላል። ፀሐይ ሲበረታ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ አስፋልቱ ይለሰልስና የጎን ስታንዱ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ማንም ሳይነካት ትገለበጣለች፣ ለዚህ ነው ብዙ ሞተረኛ ከስታንዱ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይ የተጨፈለቀ ቆርቆሮ የሚያደርገው። ኮንክሪት የፈሰሰበት ቦታ ቢሰጠን ይሄ ሁሉ የለም።

ይሄን ስል ግን እግረኛውን ረስቼ አይደለም። እግረኛ መንገድ ላይ ያሉት ጉብ ጉብ ያሉ ንጣፎች ለጌጥ የተነጠፉ አይደሉም፣ ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ለዓይነ ስውራን የፈጠራቸው ናቸው፣ መጀመሪያ የተነጠፉትም እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ነው። እዚያ መስመር ላይ ሞተር ሲቆም ምን እንደሚፈጠር በቅርብ አይቻለሁ፣ የሰውየው ዘንግ መሬት መሬቱን ሲሄድ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያልፋል፣ ምንም አልነካም፣ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ አንድ እርምጃ ሲጨምር መሪው ደረቱን መታው። ማርሚታው ትኩስ ቢሆን ኖሮ እግሩንም ያቃጥለው ነበር፣ የህፃናት ባት ደሞ ልክ በማርሚታው ቁመት ነው። ዊልቸር ያለው ሰውማ መንገዱ ከተዘጋበት አስፋልት ላይ ወርዶ ከመኪና ጋር መጋፋት ነው እጣው። እዚህ ላይ ለሞተረኛ ጥብቅና አልቆምም፣ ቦታ ተሰጥቶት እያለ እዚያ ያቆመ ይቀጣ፣ ሞተሩም ይነሳ።

መፍትሄው ግን ከባድ አይደለም። አንድ መኪና የሚቆምበት አምስት ሜትር ርዝመት ቦታ ላይ ሞተር ጎን ለጎን ብትደረድር አምስት ይይዛል፣ ለአንዱ አንድ ሜትር ማለት ነው። ታይዋን ውስጥ ከተሞቹ ይሄንኑ ነው ያደረጉት፣ ጠባብ ጠባብ ነጭ መስመር አስምረው ስኩተሩን እንደ መፅሐፍ ደርድረውታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት ይኑር፣ ሰንሰለት የሚታሰርበት። ብረቱ ካለ ሞተረኛው በር ስር የሚለጥፍበት ምክንያት ግማሹ ይጠፋል፣ መስመር ብቻ ተሰምሮ ብረት ከሌለ ግን ቦታው ባዶውን ይውልና "ሰጥተናቸው እምቢ አሉ" ይባላል።

ሰፊ እግረኛ መንገድ ያለበት ከተማማ ሌላም አማራጭ አለው። አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ የሚከለክል ምልክት ከሌለና ማለፊያ እስካልዘጋ ድረስ ሞተር እግረኛ መንገድ ላይ ማቆም ይፈቀዳል። ጠባብ መንገድ ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ላይ "ሳትዘጋ አቁም" ማለት ቀልድ ነው።

ስለ ክፍያም አንዳንዱ ሞተረኛ ወንድሜ አይስማማኝም ግን ልናገር፣ መክፈል ተገቢ ነው። ለንደን ውስጥ ዌስትሚንስተር የሚባለው ክፍለ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞተር ማስከፈል ሲጀምር ሞተረኞች መንገድ ወጥተው ተቃውመዋል፣ ፓሪስም ከመስከረም 2022 ጀምሮ የቤንዚን ሞተሮችን ታስከፍላለች፣ ኤሌክትሪኮቹን በነፃ ታቆማለች። እኔ የምለው ዋጋው በሚይዘው ቦታ ልክ ይሁን፣ አምስት ሞተር ተደምሮ አንድ መኪና የሚከፍለውን ቢከፍል ማን ይከፋዋል? ደረሰኙ ግን በወረቀት አይሁን፣ ሞተር ላይ ወረቀት ንፋስ ይወስደዋል ወይ አላፊ አግዳሚ ያነሳዋል፣ ከዚያ ከፍለህ እያለ ትቀጣለህ፣ በታርጋ ይመዝገብ።

የኪራይ ስኩተሮቹ፣ ማለትም ቆመው የሚነዷቸው ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች ነገር ደሞ ለብቻው ይታይ። ፓሪስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ህዝብ ድምፅ ሲሰጥበት 89 በመቶው ይውጡልን አለ፣ ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው ከአስር በመቶ ባይሞላም ከተማዋ ውጤቱን አክብራ በዚያው ክረምት አስወጣቻቸው። ሰው ካስመረሩት ነገሮች አንዱ በየመንገዱ ተጋድመው መታየታቸው ነበር፣ ኪራዩ የሚዘጋው የተሰመረ ቦታ ላይ ሲቆም ብቻ እንዲሆን ጠንከር ተብሎ ከመጀመሪያው ቢያዝ ምናልባት ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ እናንተ ጋዜጠኞች አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ የሚቀጥለው የሞተር ቅጣት ዘመቻ ሲታወጅ ስንት ሞተር ተቀጣ የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፣ በተዘመተበት ሰፈር ስንት የሞተር ማቆሚያ ተሰምሯል፣ ስንቱስ ማሰሪያ ብረት አለው ብላችሁ ሃላፊዎቹን ጠይቁልን፣ መልሳቸውንም ከቅጣቱ ቁጥር ጎን አውጡት።

አንድ ሞተረኛ አንባቢያችሁ