ስለ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር የጻፋችሁት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ለድሮንና ለእጅ ካሜራ ቀረጻ የትኛው ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ይሻላል ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለቴ ያነበብኩት በጣም ስለወደድኩት ሳይሆን መጀመሪያ ላይ የሆነ ነገር የዘለልኩ ስለመሰለኝ ነው። አልዘለልኩም። አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ ብላችሁ ደረጃ ሰጥታችኋል፣ ይሄ ይሄ ኢፌክት አለው ያኛው ያ ትራንዚሽን አለው ብላችኋል፣ ግን አንባቢው እጅ ላይ ያለው ፋይል ምን ዓይነት ነው፣ ኮምፒውተሩስ ምን ይችላል ብላችሁ አንድም ቦታ አልጠየቃችሁም። እኔ ሁለት ሶፍትዌር አቀያይሬ የገባኝ ነገር ቢኖር ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ጋ እንዳልሆነ ነው።

እስቲ የራሴን ልንገራችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ተራራ ወጥተን ከላይ በድሮን ከታች በእጅ ካሜራ ቀረጽን፣ ድሮኑ በሰከንድ 30 ፍሬም (ማለትም 30 ነጠላ ምስል) ላይ ነበር ካሜራው 25 ላይ፣ እኔ ምኑም አልገባኝ፣ ሁለቱንም 25 የሆነ ታይምላይን (ክሊፖች በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ጎትቼ አስገባሁና መቁረጥ ጀመርኩ። ድሮኑ ገደሉን ቀስ ብሎ የሚያልፍባት በጣም የምወዳት ቀረጻ ላይ ምስሉ ትንሽ ትንሽ ይዘላል። ሶፍትዌሩ ነው ብዬ ረገምኩት፣ አጥፍቼው ሌላ ጫንኩ፣ እዛም ያው። ለካ 30ውን ወደ 25 ለማምጣት ከየስድስቱ ፍሬም አንዱ እየተጣለ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ይሄ ብዙም አያስታውቅም፣ ድሮን ግን ሥራው በአንድ ፍጥነት መንሸራተት ስለሆነ አንዲት ፍሬም ስትጎድል ወዲያው ዓይን ላይ ትመጣለች።

መፍትሄው መቅረጽ ሳትጀምሩ ሁለቱንም ካሜራ አንድ ፍሬም ሬት (በሰከንድ የሚነሳ የፍሬም ቁጥር) ላይ ማድረግ ነው። ካለፈ ግን አንድ ዘዴ አለ፣ የድሮኑን ክሊፕ እንደ 25 እንዲያነበው ለሶፍትዌሩ መንገር፣ ያኔ ምንም ፍሬም ሳይጣል ፍጥነቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል፣ ድሮኖች ባብዛኛው ድምጽ ስለማይቀዱ ደግሞ የሚበላሽ ድምጽም የለም፣ እንዲያውም ቀስ ሲል ያምርበታል። ይሄን ክሊፕ ባህሪ ውስጥ ገብቶ መቀየር ይቻላል፣ ደህና የሚባሉት ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ አላቸው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ግን ፋይል ካስገባችሁ በኋላ የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት ልቀይር ብትሉ እሺ አይላችሁም፣ ከመጀመሪያው ማስተካከል ነው። የእጅ ካሜራችሁ ስልክ ከሆነ ደግሞ ስልክ ፍሬም ሬቱን እራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ በኋላ ድምጽና ከንፈር አልገጥም ይላል፣ መጀመሪያ ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቋሚ ፍሬም ሬት አድርጎ መቀየር ነው።

ሁለተኛው የዘለላችሁት ነገር ኮዴክ ነው፣ ማለትም ቪዲዮው ቦታ እንዳይፈጅ የሚታመቅበት መንገድ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም "ይሄ ሶፍትዌር ከባድ ነው ኮምፒውተሬን አነቀው" የሚለው ወሬ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። የዛሬ ድሮኖች ባብዛኛው በኤች.265 ይቀርጻሉ፣ ይሄ ከበፊቱ ኤች.264 ጋር ሲተያይ ለተመሳሳይ ጥራት ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቦታ ይቆጥባል፣ ጥሩ፣ ግን እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም፣ አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና ከዛ በኋላ በሚመጡት ላይ የተቀየረውን ብቻ ይመዘግባል። እናንተ መሃል ላይ ገብታችሁ አንዷን ፍሬም ልይ ስትሉ ኮምፒውተሩ ወደኋላ ሄዶ ሙሉውን ምስል ፈልጎ ከዛ እየደማመረ መምጣት አለበት፣ ታይምላይኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትሉ የሚንቀራፈፈው ለዛ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ወይ ፕሮሰሰሩ ያንን ኮዴክ በራሱ የሚፈታ ከሆነ ይቀላችኋል፣ ካልሆነ የፈለጋችሁትን ሶፍትዌር ብትጭኑ ያው ነው።

ለዚህ ፕሮክሲ አለ። ሶፍትዌሩ ከትልቁ ፋይል ትንሽ ኮፒ ይሠራላችኋል፣ በትንሹ ትቆርጣላችሁ፣ ኤክስፖርት ሲሆን (ያለቀው ቪዲዮ ሲወጣ) ትልቁን ይጠቀማል። ሪዞልቭም ፕሪሚየርም ፋይናል ከትም ነጻዎቹ ኬደንላይቭና ሾትከትም አላቸው፣ እናንተ ጽሁፍ ውስጥ ግን ቃሉ ራሱ የለም! አንዳንድ የዲጄአይ ድሮኖች እንዲያውም ካርዱ ላይ ከዋናው ቪዲዮ ጎን ኤልአርኤፍ የሚል ትንሽ ፋይል አብረው ያስቀምጣሉ፣ ብዙ ሰው ምንድነው ይሄ ቆሻሻ ብሎ ያጠፋዋል፣ ስሙን ወደ ኤምፒ4 ብትቀይሩት ይከፈታል፣ ፕሮክሲ ሆኖ ያገለግላል። ቦታውንም አስቡት፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፣ ሁለት ካሜራ ሲሆን እጥፍ፣ ከዛ ላይ ፕሮክሲው።

አሁን ወደ ምርጫው፣ እኔ ከተጠየቅኩ ሪዞልቭ ነው የምለው፣ ምክንያቴ ደግሞ ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ድሮንና የእጅ ካሜራ አንድ ቪዲዮ ውስጥ ሲገቡ ትልቁ ጣጣ ቀለም ነው፣ አንዱ ሰማዩን ሰማያዊ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ አንዱ በዲጄአይ ዲ-ሎግ ሌላው በሶኒ ኤስ-ሎግ3 (ሎግ ማለት ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ደብዘዝ አድርጎ የመቅረጫ ዘዴ ነው) ተቀርጾ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ነው የሚመጡት ግን ግራጫቸው አንድ አይደለም። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን አንድ ላት (የተዘጋጀ የቀለም መቀየሪያ ፋይል) ሁለቱም ላይ መለጠፍ አይሠራም። ሪዞልቭ ላይ እያንዳንዱ ክሊፕ ከየትኛው ሎግ እንደመጣ ነግራችሁት ሁለቱንም ወደ አንድ ቀለም ያመጣቸዋል፣ ከዛ የቀረችውን በእጅ ታስተካክላላችሁ። ነጻው እስከ 3840 በ2160 በሰከንድ 60 ፍሬም ያወጣል፣ ዋተርማርክም አያደርግም፣ በጨለማ ሲቀረጽ የሚመጣውን የምስል ነጠብጣብ (ኖይዝ) ማጽጃው ግን የሚከፈልበት ላይ ነው ያለው፣ ማታ በድሮን የሚቀርጽ ሰው ይሄን ይወቅ። ደካማ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ግን ሪዞልቭ ያስለቅሰዋል፣ እሱ በኬደንላይቭ ወይ በሾትከት ቢጀምር ምንም ነውር የለውም። ፋይናል ከት ማክ ላለው ሰው ፈጣን ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ግን የለም። ፕሪሚየር አሪፍ ነው ግን አዶቤ ከ2013 ጀምሮ ወደ ኪራይ ስለሄደ መክፈል ስታቆሙ ፕሮጀክታችሁን መክፈትም ይቆማል፣ በዓመት ሁለት ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው አያዋጣም። ክራክ የተደረገ አውርዱ የሚሏችሁን ደግሞ ተዉዋቸው፣ ቫይረስ የሚገባው በዚያ በር ነው።

ስቴብላይዜሽኑን (የሚንቀጠቀጥ ምስል ማረጋጊያውን) አንደኛ መስፈርት ማድረጋችሁም አልገባኝም። ድሮኑ ጂምባል (ካሜራውን ሳይናወጥ የሚይዝ መሣሪያ) አለው፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ ነው፣ እጅን ደግሞ ሶፍትዌር ሲያረጋጋው የምስሉን ዳር ዳር እየቆረጠ ነው። ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ዘገምተኛ ከነበረ ምስሉ ይቆምና ብዥታው ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ይቀራል፣ በጣም ያስጠላል፣ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ካሜራው የጋይሮ መረጃ (የራሱን እንቅስቃሴ) የሚመዘግብ ከሆነ ጋይሮፍሎው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ከማናቸውም ኤዲተር ውስጥ ካለው የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ በሚቀጥለው ዕትም ጸሐፊያችሁ የትኛውን ፋይል፣ በስንት ፍሬም፣ በምን ኮምፒውተር ላይ እንደሞከረ አብሮ ይጻፍልን። ከድሮንም ከእጅ ካሜራም በጣም ከባዷን የአንድ ደቂቃ ክሊፕ መርጦ፣ ሁለቱን አንድ ታይምላይን ላይ አስገብቶ፣ ቆርጦ፣ ቀለማቸውን አመሳስሎ፣ ኤክስፖርት እስኪያደርግ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት በየሶፍትዌሩ ይንገረን። ደረጃውን ከዛ እኛው እንሰጣለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ