ታርጋው ከመቀየሩ በፊት ፋይሉ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ ስለ ታርጋ ነው።

ለገሃር መብራት ላይ ቆማችሁ ፊታችሁ የተደረደሩትን መኪኖች እዩ። ሰማያዊው ኮድ 2 የቤት መኪና ነው፤ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፤ ቀዩ ኮድ 1 ታክሲ፤ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት። ይህን ሊስትሮውም ያውቀዋል። ጣጣው ያለው አአ፣ ኦሮ፣ አማ፣ ድሬ የሚሉት ፊደላት ላይ ነው። እያንዳንዱ ክልል ቁጥር የሚሰጠው በራሱ ተራ ስለሆነ፣ ኮዳቸውም ቁጥራቸውም አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች ሊኖሩ ይችላሉ። የሚለያቸው ያ ፊደል ብቻ ነው። ስታዲየም አካባቢ የፓርኪንግ ሠራተኛው ቁጥሩን ጫር ጫር አድርጎ ወረቀቱን መስታወት ላይ ይሰካል፤ ፊደሉን ማን ይጽፋል? ለፓርኪንግስ ይሁን። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሲፈለግ ግን «ቁጥሩን ይዤዋለሁ» የሚል ምስክር የያዘው ግማሹን ነው።

ደሕም አለላችሁ፤ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ታርጋ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጡ፤ የቀረውም በ2015 ለሁለት ተከፈለና ክልሉ ራሱ ፈረሰ። ታርጋው ግን ሜክሲኮ ላይ መብራት ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ።

ክልል የማይጠቅስ አገራዊ ሰሌዳ እንደታሰበ ሰምተናል። እሰየው! ነገሩ ጭራሽ አዲስም አይደለም፤ አገር አቋራጭ የጭነት መኪኖች ኢት የሚል ታርጋ ለጥፈው ሲሠሩ ኖረዋል። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ታርጋ ቆርቆሮ ነው። ሰውን የሚያንገላታው ፋይሉ ነው።

ካዛንቺስ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ የክልል ታርጋ ያላት ኮድ 2 ገዛ። ተዋዋለ፣ ከፈለ፣ ቁልፍ ተቀበለ፤ አለቀ ብሎ ነበር። ፋይሏ ያለው ሌላ ከተማ ስለሆነ ሻጩን ለምኖ ይዞት ወረደ። እዳና እገዳ ይጣራ ተባለ፤ ተጣራ። ፋይሉ በታሸገ ፖስታ ይላካል ተባለ፤ ተላከ። ፖስታው ሲከፈት አንድ ወረቀት ጎደለ። ተመለስ! እስከዚያው ሊብሬው በሻጩ ስም ነው፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ግን ጓደኛዬ ነው። ሻጩም ስልክ ማንሳት ተወ። (ምን ያድርግ፣ እሱ ሸጧል።)

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ለመላው አገር የወጣ ነው። ሕጉ አንድ ከሆነ መዝገቡ ለምን አንድ አይሆንም? ፋብሪካው ብረቱ ላይ የመታው የሻንሲ ቁጥር ክልል አያውቅም። የትኛውም ቅርንጫፍ ያለ ሠራተኛ ያንን ቁጥር ሲያስገባ ባለቤቱን፣ የባንክ እገዳውን፣ የቴክኒክ ምርመራውን ማየት አለበት። ሻጭና ገዢም ባሉበት ከተማ ፈርመው ይለያዩ። ይህ ሳይሆን ሰሌዳው ብቻ ከተቀየረ ግን ብሶ ቁጭ ይላል። አሁን ቢያንስ ኦሮ የሚለውን አይቼ ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ፋይሉ የት እንዳለ ለማወቅም ደጅ ልጠና ነው።

ስለዚህ ሰሌዳ ቀይሩ ስትሉን፣ የፋይሎቹ ነገር የት እንደደረሰ አብራችሁ ንገሩን። ክፍያውንና ተራውንም ቀድማችሁ አሳውቁን። ተራው ከደሕ ቢጀምር ደግሞ ማንም ቅር የሚለው አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ