የሶዌቶን ተማሪዎች ከራሳቸው በዓል አታስቀሯቸው

ይድረስ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን አከባበርን ይመለከታል

ክቡር ሊቀመንበር፣

የያኔው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሰኔ 9 ከ1991 ጀምሮ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሆኖ እንዲከበር ሲወስን ምክንያቱ የታወቀ ነበር፤ በ1976 በዚያ ቀን በደቡብ አፍሪካ የጥቁሮች መኖሪያ የሆነችው የሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው በጥይት ተቆልተዋል (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዛሬ በየአዳራሹ ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይዘምራሉ፤ አስተማሪ ጽፎ ያስጠናቸውን ግጥም ያነባሉ፤ እንግዶች ንግግር ያደርጋሉ፤ ኬክ ይቆረሳል። ከታዳሚዎቹ ልጆች ስንቱ የሶዌቶን ስም ሰምቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ግን እጠራጠራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከሰልፉ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በ1953 የነጮቹ መንግሥት ያወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ለጥቁር ልጆች የተለየ ትምህርት ቤትና የተለየ ሥርዓተ ትምህርት ደነገገ። የሕጉ ዋና አራማጅ ሄንድሪክ ፈርቩርት፣ ጥቁር ልጅ በሥራ ላይ የማያውለውን ሒሳብ ማስተማር ምን ይጠቅማል ብሎ በፓርላማ የጠየቀ ሰው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ለአንድ ነጭ ተማሪ በዓመት 644 ራንድ ሲያወጣ ለአንድ ጥቁር ተማሪ የሚያወጣው 42 ራንድ ነበር። በዚህ ላይ በ1974 ሌላ ትእዛዝ መጣ፦ በጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት ከደች በወጣው የነጮቹ ቋንቋ በአፍሪካንስ፣ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ተባለ። ለልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተተወላቸው የሃይማኖት፣ የሙዚቃና የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር።

ትእዛዙ ሲደርስ ብዙዎቹ አስተማሪዎች ራሳቸው አፍሪካንስን በቅጡ አይናገሩም ነበር። አስተማሪው በማያውቀው ቋንቋ ሒሳብ ያስረዳል፤ ተማሪው ስሌቱን ከመፍታቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን መፍታት አለበት። ፈተና ላይ የሚወድቀው ግን ትእዛዙን የጻፈው ሹም ሳይሆን ልጁ ነው። የባንቱ ትምህርት ምክትል ሚኒስትሩ ፑንት ጃንሰን ጥቁሮችን አማክረው እንደሆነ ሲጠየቁ አላማከርኩም፣ ወደፊትም አላማክርም የሚል መልስ ሰጡ። በሶዌቶ የሜዶውላንድስ ሠፈር የትምህርት ቤት ቦርድ ትእዛዙን ሲቃወም ሁለት አባላቱ ተሰናበቱ። አዋቂዎቹ በደንቡ መሠረት አቤት ብለው፣ አቤቱታቸው ሰሚ አጥቶ ነበር ማለት ነው። ሰልፉ ልጆች በስሜት ተነሥተው ያደረጉት ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን መንገር ደስ ይለኛል።

ከሰልፉ አንድ ወር ቀደም ብሎ በዚያው በሶዌቶ፣ በኦርላንዶ ዌስት ሠፈር፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ክፍል አንገባም አሉ። ከዚያ በሞሪስ አይዛክሰን ትምህርት ቤት የሚማረው ጺየጺ ማሺኒኒና ጓደኞቹ የየትምህርት ቤቱን ተወካዮች ሰብስበው ሰልፉን አደራጁ። ከያዟቸው ጽሑፎች አንዱ እኛ አፍሪካንስ የምንማር ከሆነ ፎርስተርም ዙሉ ይማር የሚል ነበር፤ ፎርስተር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ። ፖሊስ ተኮሰ። በጥይት የተመታው የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን በአንድ ወጣት ክንድ ላይ ሆኖ፣ እህቱ አጠገቡ እየሮጠች፣ ሳም ንዚማ ያነሣውን ፎቶግራፍ ዓለም ያውቀዋል። በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 176 ነው፤ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጡ ግምቶችም አሉ። መንግሥት በዚያው ክረምት አፍሪካንስን ማስገደዱን ተወ።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዲያልፍ አልፈልግም። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን እንማር ብለው አልወጡም። ብዙዎቹ እንግሊዝኛን ይመርጡ ነበር፤ መንግሥቱ ጎሣን ከጎሣ ለመለየት ይጠቀምበት ስለነበር በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርንም በጥርጣሬ ያዩት ነበር። የትምህርት ቋንቋ በተነሣ ቁጥር ጎራ መለየት ለሚቀናን ለእኛ ኢትዮጵያውያን ይህ የሚመች ታሪክ አይደለም፤ ለየትኛውም ወገን ጥብቅና አይቆምም። ልጆቹ የተቆጡት፣ የሚማሩበትን ቋንቋ የሚወስነው ሰው አንድም ጊዜ ዞር ብሎ ስላልጠየቃቸው ነው።

ከኮሚሽኑ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። የሶዌቶን ታሪክ፣ ከሕጉ እስከ ትእዛዙ መነሣት፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በሚረዳው አጻጻፍ በሁለት ገጽ አዘጋጁልን። ኅብረቱ በ2003 ያጸደቀው የማሻሻያ ፕሮቶኮል ኪስዋሂሊንና ማንኛውንም ሌላ የአፍሪካ ቋንቋ ከኅብረቱ ቋንቋዎች ተርታ አስቀምጧል፤ ስለዚህ ጽሑፉ በዙሉም፣ በሐውሳም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም ቢወጣ ደንብ አይጣስም። ለተርጓሚ ገንዘብ ከጠፋ ፈቃደኛ አስተማሪዎች አይጠፉም፤ እኔ የአማርኛውን ያለ ክፍያ እሠራለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ ሳይከብድ አይቀርም። በ1990 እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ ሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 7፣ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ ሁሉ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ በመጪው ሰኔ 9 በዋና መሥሪያ ቤታችሁ በሚዘጋጀው በዓል ተማሪዎች ስለ ትምህርታቸው ጥያቄ ያቅርቡ፤ የየአገሩ የትምህርት ሹማምንትም እዚያው መልስ ይስጡ። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ የሚያይና የሚያርም ሰው አይኑር። ሹማምንቱም ንግግራቸውን ያሳጥሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ መምህር