የአዋቂዎች የመስማት ችግር ከምርመራችን ለምን ቀረ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ዕድሜው የገፋ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ የደም ግፊቱና የስኳሩ መጠን ይለካል፤ ስለ ጆሮው የሚጠይቀው ግን እምብዛም አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ አምስት አንዱ፣ በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር አለበት። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ ከሩብ የሚበልጡት ችግሩ የዕለት ኑሯቸውን እስከማወክ ደርሶባቸዋል።

በዕድሜ የሚመጣው የጆሮ መክበድ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን በመሆኑ፣ ሰውየው ድምፅ እየሰማ ቃሉን መለየት ያቅተዋል። በእድር ስብሰባ ላይ ሌላው ሲስቅ አብሮ ፈገግ ይላል፣ ውሳኔ ሲነበብ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቤቱ ሲገባ ግን ምን እንደተወሰነ ልጁን ይጠይቃል፤ እያደርም ከስብሰባው ይቀራል። ቤተሰቡ «አባባ ሲፈልጉ ይሰማሉ» ሲል መስማት እጅግ ያሳዝነኛል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ፊት ለፊት የተነገረውን የሚሰማ ሰው በጫጫታ መካከል ሊያጣው እንደሚችል ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ ባላሉ ነበር።

ጉዳዩ የአረጋውያን ብቻ አይደለም። እዚህ ጅማ በእንጨት ሥራ ቤቶች፣ በኤሌክትሪክ መጋዝና በመላጊያ ማሽን አጠገብ የሚውሉ ወጣቶች ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ በእጅ ምልክት ሲግባቡ እናያለን፤ ማታ ጆሯቸው እንደሚጮህ የሚናገሩም አሉ። የድምፅ ጉልበት በሚለካበት በዴሲቤል ሲሰላ፣ ለ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መጋለጥ ጉዳት አያመጣም ሲባል፣ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ስለዚህ የጆሮ መሸፈኛ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ሁሉም የመስማት ችግር ደግሞ የማይመለስ አይደለም። የደረቀ ኩክ የደፈነው ጆሮ በባለሙያ ሲጸዳ ይከፈታል፤ የሚመግል ጆሮም ይታከማል። የጤና ጣቢያዎቻችን ባለሙያዎች የደም ግፊት ሲለኩ ጎን ለጎን «ሰው ሲያናግርዎት በደንብ ይሰማሉ?» ብለው ቢጠይቁና ጆሮውን በመብራት ቢያዩ፣ ብዙ ሰው በጊዜ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። የጋዜጣችሁ የጤና ዓምድም የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ከአዲስ አበባ ውጭ የት እንደሚገኝና በስንት ብር እንደሚሸጥ አጣርቶ ቢያወጣልን፣ በየቤቱ ለሚጠብቁት ትልቅ እርዳታ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ